የአያቴ የገበሬ ማህበር ወረቀቶች የት ይግቡ?

የደጀን ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። የእናቴ አባት ባለፈው ጥር አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ነበሩ፤ ከ1968 ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ ደግሞ የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር። ከአርባቸው በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ከጎታው ጀርባ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ቁልፉ ስለጠፋ አጎቴ በመጥረቢያ ከፈተው። ውስጡ ጉድ ነው! ቃለ ጉባኤ በደብተር፣ በሲባጎ የታሰረ የግብር ደረሰኝ፣ የኮታ እህል ርክክብ፣ መሬት ሲደለደል የየቤተሰቡ ብዛትና የደረሰው ጥማድ የሰፈረበት መዝገብ፣ ለወረዳ የተጻፈ አቤቱታ፣ ክቡ ማህተም ሳይቀር አለ። አጎቴ ይቃጠል ይላል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይቀመጥ ትላለች። እኔ ሁለቱም አልዋጥልህ አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚቀበል አለ?

ወረቀት አይጣልም፦
መጀመሪያ አጎትህን ክብሪቱን ቀማው :)
ሁለተኛ፣ እባክህ አትደርድረው። ሰው እንዲህ ያለ ሳጥን ሲያገኝ ደረሰኙን ከደረሰኝ፣ ደብዳቤውን ከደብዳቤ መለየት ያምረዋል፤ ጥፋት ነው። አያትህ አንድ ደረሰኝ ቃለ ጉባኤ መሃል ከሸጎጡ ያን ቀን የተከራከሩበት ጉዳይ ስለሆነ ይሆናል፣ ካወጣኸው ግን ማን ያውቃል? እንዳለ ይቆይ። በስኮች አትለጥፍ፣ ላሚኔትማ በጭራሽ። የዛገ ስፒል ካለ ቀስ ብለህ አውጣ። ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ምስጥ የሊቀመንበር ወረቀት ነው ብሎ አይምርም። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሆነህ ገጽ በገጽ በስልክ አንሳው።
ቦታውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ፣ ከ1936 ጀምሮ የቆየ ቤት ነው። ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ሄደህ አነጋግራቸው። ስትሰጥ በቃል አይሁን፤ ምን ያህል ደብተር፣ ስንት ደረሰኝ፣ ማን ማየት እንደሚችል ተጽፎ ተፈራረሙ።

ባለ አራት ጥማድ፦
አጎትህን አትቆጣው። እኔ ምክንያቱን የማውቅ ይመስለኛል። የኔም አባት ሊቀመንበር ነበር። በ1989 አማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበረ ገበሬ «ቢሮክራሲ» ተባለ፤ ለሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ሲፈቀድ ለሱ አንድ ሄክታር ብቻ፣ ማለትም አራት ጥማድ። አባቴ በሬዎቹን አቁሞ ሌላ ሰው ማሳውን ሲለካው ያየበት ቀን ትዝ ይለኛል። ወረቀቱን ሁሉ ያቃጠለው በዚያ ሳምንት ነው፣ ፊርማው ያለበት ነገር ሁሉ ማስረጃ ይሆንብኛል ብሎ። አሁን አንዲት ገጽ ባገኝ ምን ነበረበት እላለሁ።

ስሜን አልናገርም፦
ሁላችሁም ስለ ታሪክ ታወራላችሁ። የኔ ወንድም በ1977 ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። የኛ ቀበሌ ዝርዝር ላይ የፈረመው ሊቀመንበሩ ነው። ያ ሰውዬ የበላይ አዝዞት ነው ወይስ የራሱን ዘመድ አስቀርቶ የኛን ልጅ ሰጠ፣ እናቴ ሳታውቀው ሞተች። እንዲቃጠል አልፈልግም። ግን የማንም ስም ፌስቡክ ላይ እንዳይለጠፍ። የተከሰሰውም የከሰሰውም ልጆቻቸው ዛሬም አንድ ወንዝ ነው የሚቀዱት።

ስድስት ኪሎ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ስም ያለበት ክፍል ለጊዜው ተዘግቶ ይቀመጥ። እኔ ታሪክ ነው የማጠናው፣ ስለ ሳጥኑ ሳነብ ምራቄን ዋጥኩ። የገጠር መሬት አዋጁን ሁሉም ያውቀዋል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም አለ፣ ማህበር በ800 ሄክታር ይደራጅ አለ፣ በ1968 ደግሞ ቁጥር 71 መጣና ማህበሩ ሕጋዊ ሰውነትና የፍርድ ሸንጎ አገኘ። ይሄ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አለ። የሌለው ነገር፣ ርስት ባለበት በጎጃም፣ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ባልበዛበት አገር፣ «መሬት ላራሹ» ሲባል ሰው ምን ብሎ ተከራከረ የሚለው ነው። እሱ ያለው የአያትህ ደብተር ውስጥ ነው።
አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ከ1968 በፊት ያለ ደረሰኝ አለ? ጎጃም እኮ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ ያመጸ አገር ነው።

የደጀን ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት ኪሎ፣ አዎ፣ የጃንሆይ ጊዜ ደረሰኝ አለ፣ ግን አልፈታሁትም፣ እንደታሰረ ነው።
ባለ አራት ጥማድ፣ የጻፍከውን ለአጎቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። ማታ ግን ራሱ ደብተሩን አምጣው አለኝና ስለ አንድ በሬ የተካሄደ ክርክር ሳነብለት እየሳቀ፣ በሬው የማን እንደነበር፣ ምስክሩ ለምን እንደዋሸ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ደብተሩ ላይ ግማሹ የለም። አሁን እሱ ሲያወራ ስልኬን እየከፈትኩ እቀዳዋለሁ።
ስሜን አልናገርም፣ የምልመላ ዝርዝር አለ። ወረዳውን በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ የኛ ከሆነ አያለሁ።
ወመዘክር በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ። ማህተሙን ግን አጎቴ አልሰጥም ብሎ ትራሱ ሥር አድርጎታል።