የእናቴ የአጥንት ኪኒንና ጾሟ አልገጠመልኝም፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ ያለነው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የቤተሰብ ሐኪማችን፣ ሴት ልጅ 65 ከሞላት ምንም ባያማትም አጥንቷ መታየት አለበት ብላ ዴክሳ (የአጥንት ጥንካሬ የሚለካበት ራጅ) አዘዘችላት። የዳሌዋ ቲ-ስኮር፣ ማለትም የአጥንቷ ልኬት ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ሲነጻጸር፣ ኔጌቲቭ 2.8 ሆነ። ኔጌቲቭ 2.5ና ከዚያ በታች ከሆነ ኦስቲዮፖሮሲስ፣ ማለትም የአጥንት መሳሳት ነው።

በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አለንድሮኔት ተሰጣት። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጣ፣ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳትቀምስና ጋደም ሳትል መቆየት አለባት፤ ጋደም ካለች የምግብ ቧንቧዋን ሊያቆስል ይችላል። እማዬ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም፤ ቅዳሜና እሁድ ትቆርባለች። ኪኒኑን ሳይነካ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው አገኘሁት። ወተትና አይብም ስለማትቀምስ የካልሲየሙ ነገርም ያስጨንቀኛል። ብትወድቅስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እናቶቻችሁ እንዴት ተወጡት? ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እህል ሳይቀምሱ በፊት የሚውጡ አሉ? በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠውን የአጥንት መድኃኒት ዞሌድሮኒክ አሲድ የወሰዱስ? ለንስሐ አባት ነገሩን ያስረዳችሁም ካላችሁ ምን ብላችሁ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ፤ እሷ የምትሰማው የእሳቸውን ቃል ነው። ሐሙስ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አለን።