የህልም ግድግዳ፦ ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
እንደምን አደራችሁ። የደሴና የኮምቦልቻ ገጣሚዎችና ሰዓሊዎች ከህልም የተነሳ ሥራ አንድ ላይ እናሳይ የሚለው ረቂቅ ደርሷችኋል። ቦታው ወሎ ባህል አምባ ቢሆን ደስ ይለኛል። ካልተሳካ የትምህርት ቤት አዳራሽ እንጠይቃለን። አስተያየት ስጡበት።

ሰዓሊዋ፦
አሪፍ ነው። መግቢያው ግን ፓሪስ ፓሪስ አለብኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ብሬቶን በ1924 እ.ኤ.አ. የሱሪያሊዝምን፣ ማለትም ከህልም የሚነሳውን ኪነ ጥበብ፣ ማኒፌስቶ አወጣ፣ የሥነ ልቦና ሐኪሙ ፍሮይድ ስለ ህልም እንዲህ አለ... ሁለት መስመር ይበቃዋል። ይልቅ የእኛው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ይግባ። ፓሪስ ኖሮ የነኩባዊውን ሱሪያሊስት ሰዓሊ ዊፍሬዶ ላምን ሥራ ያየ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። የእኛን የብራና ክታብ ከዚያ ካየው ጋር አዋህዶ ሥሏል።

ገጣሚ (ኮምቦልቻ)፦
ይሁን፤ የሱሪያሊስቶቹን የወረቀት እጥፍ ጨዋታ ግን አልለቅም። አንዱ መስመር ጽፎ ያጥፈዋል፣ ቀጣዩ ሳያይ ይቀጥላል። ሰዓሊም ራስ፣ ደረት፣ እግር እየተቀባበለ ይሥላል። ቅዳሜ ቡና ላይ ሞክረነው ይሄ ወጣ፦

የቧንቧ ውሃ ዳገት
በአያቴ ነጠላ ተጠቅልሎ
ለባጃጅ ሹፌር መልስ ይቆጥራል

በሳቅ ሞትን። ግን እውነቴን ነው፣ ብዙዎቻችን ተጨንቀን ከምንጽፈው ይሻላል።

ጋሼ፦
ልጆቼ፣ ጨዋታው ጥሩ ነው። አንቀጽ ሦስት ግን አልተመቸኝም። «ነዋሪው ህልሙን መድረክ ላይ ይናገራል፣ ባለሙያ ይፈታለታል» ይላል። ክፉ ህልም ለሰው ይወራል እንዴ? ክርስቲያኑ ጠበሉን ይጠጣል፣ ሙስሊሙ በአላህ ይጠበቃል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ህልም እንደ ፈቺው ነው። ማንን አምነን ነው መድረክ ላይ የምናቆመው?

ሰዓሊዋ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ፍቺው ጭራሽ ይውጣ። ጥርሴ ወለቀ ያለ ሰው ወዲያው «ዘመድ ይሞታል» ይባልና ነገሩ ያልቃል። እኔ የምፈልገው ጥርሱ መዳፉ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ነው። ቀለሙን፣ ሙቀቱን።

ጸሐፊ፦
እሺ። መድረኩ ቀርቶ ስም የሌለበት ወረቀት በተዘጋ ሳጥን እንሰብስብ?

ገንዘብ ያዥ፦
ይሻላል። ግን በ2014ቱ ጦርነት እዚህ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሳጥኑ ብዙ ጥይትና ሽሽት ቢወጣስ? ያንን አንብበን «ግጥም ይወጣዋል» ልንል ነው? እኛ ሐኪም አይደለንም። ቢያንስ ሰውየው «አትሥሩበት» የማለት መብት ይኑረው።

ገጣሚ (ኮምቦልቻ)፦
እንግዲያው ሁለት ሳጥን ይሁን። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ የማይከፈት። የማይከፈተውንም ከሥዕሎቹ መሀል ቆልፈን እናስቀምጠው። ተመልካቹ ይየው።

ጋሼ፦
አሁን ገባኝ። ይሄ ተመችቶኛል። ስንጨርስ ግን ወረቀቱ ሳይነበብ ይቃጠል። ቁልፉም ከመካከላችን ማንም ጋ አይቀመጥ።

ጸሐፊ፦
አንቀጽ ሦስት በዚህ ተቀይሯል። ጊዜው ኅዳር ይሁን፤ በክረምቱ ጭጋግ ማን ከቤቱ ይወጣል?

ገንዘብ ያዥ፦
ኅዳር ጥሩ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሸራ ግን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫንም፣ ያን ሁሉ ዳገት በንፋስ! ለአንድ አይሱዙ በጀት ልያዝ። የሸራዎቹን ልክ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።