ሳውንድ ካርዱ አልታይ አለኝ፣ ዲቫይስ ትሪ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ላይ ተቸክያለሁ። አይኤምኤክስ 6 ዩኤልኤል ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ ላይ ኤስጂቲኤል 5000 የሚባል ኮዴክ (ዲጂታል ዳታን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ) ላስነሳ እየሞከርኩ ነው፣ የምሰራው ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነብ ማጫወቻ ስለሆነ ድምፅ ካልወጣው ዋጋ የለውም።

ዲቫይስ ትሪው ላይ (ቦርዱ ላይ ያለውን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጸው ፋይል) የኮዴኩን ኖድ (መግለጫ ክፍል) አይቱሲው ስር (ፕሮሰሰሩ ቺፑን የሚያዝበት መስመር) አድሬስ 10 ላይ (በሄክስ ዜሮ ኤ) አስገባሁ፣ የፓወር ሬጉሌተሮቹን ሰጠሁት፣ ከዛ ኤስኤአይ 2ን (የፕሮሰሰሩን የድምፅ ዳታ በር) ከኮዴኩ ጋር በሲምፕል ኦዲዮ ካርድ አገናኘሁት። ከርነሉ ሲነሳ ግን "ኤረር ሪዲንግ ቺፕ አይዲ" ይልና ያበቃል፣ ሳውንድ ኖዱም ኮዴኩን እየጠበቀ ዲፈርድ ሊስት (ገና ያልተነሱት ዝርዝር) ውስጥ ይቀራል፣ አይቱሲ ስካን ሳደርግም አድሬሱ ባዶ ነው።

ይሄ ቺፕ ማስተር ክሎክ (ኤምክሎክ፣ ሥራውን የሚመራው የምት ሲግናል) ካልደረሰው አይቱሲ ላይ አይመልስም፣ እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው። ኦሲሎስኮፕ ይዤ ቦርዱን እያስነሳሁ ኤምክሎክ ፒኑን ሳየው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፣ አንድም ፐልስ የለም! ክሎኩን 12.288 ሜጋኸርዝ ብዬ መድቤዋለሁ፣ ክሎክ ሰመሪው (የከርነሉ የክሎኮች ዝርዝር) ላይም ቁጥሩ ልክ ነው። ፒኑ ከጄታግ ቲኤምኤስ (የዲበገሩ መስመር) ጋር የሚጋራ ስለሆነ ዲበገሩን ነቀልኩት፣ ለውጥ የለም።

አሁን ሳነብ ኤምክሎኩን ወደ ውጪ እንዲያወጣ የሚያደርግ "ዳይሬክሽን አውትፑት" የሚባል ፕሮፐርቲ እንዳለ አየሁ፣ እኔ ኮዴኩ ኖድ ውስጥ ነው ያስገባሁት፣ ኤስኤአዩ ኖድ ውስጥ ነበር እንዴ መግባት ያለበት? ወይስ ችግሩ ፒንመክሱ (ፒኑ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል የሚመርጠው ሴቲንግ) ነው? ይሄን ቺፕ አስነስቶ የሚያውቅ ካለ የሰራለትን ኖድ ቢያሳየኝ በጣም አመሰግናለሁ።