የልጆች የጭንቅላት ሲቲ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት (የጅማ አባላት)

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። ፕሮፖዛሉ የልጆችን የጭንቅላት ሲቲ (በጨረር የሚነሳ ምስል) ስናነብ የምንሠራውን ስህተት ለመቀነስ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ የ3 ቀን ሥልጠና፣ አዳራሽ፣ አበልና ሻይ ቡና ይላል። ሳትፈሩ ተቹት።

ሬዚደንት፦ ሥልጠና አልጠላም፣ አበሉንማ ጭራሽ። ግን የምንሳሳተው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብቻችንን ስንሆን ነው። አንዴ ተረኛ ሆኜ ከአልጋ የወደቀች ሕፃን መጣች። ማዘዣው ላይ ዕድሜ በሚለው ቦታ «ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ በኩል አጥንቱ ላይ መስመር አየሁና ስብራት ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ሲኒየራችን በ3ዲ አዙረው አዩት። መስመሩ ዚግዛግ ነው፣ ጠርዙ ነጣ ብሏል፣ በሌላው ጎንም አምሳያው አለ። ለካ ትርፍ ስፌት፣ ማለትም በተፈጥሮ ያለ ተጨማሪ የራስ ቅል አጥንት መጋጠሚያ ኖሯል! እናትየው ግን ሌሊቱን ሙሉ «ማን መታት?» ስትባል አድራለች።

ሲኒየር ራዲዮሎጂስት፦ አይዞህ፣ እኔም በጊዜዬ ጽፌዋለሁ። ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለና ጠርዙ ስል ነው፤ ወደ ስፌቱ ሲጠጋም ሊሰፋ ይችላል። ከላዩ እብጠት ካለ ይበልጥ ጠርጥር። እብጠት የለም ብለህ ግን ነፃ አታውጣው። አራስ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ደማቸው ወፍራም ነው፣ አንጎላቸው ውሃ ይበዛዋል። ስለዚህ ደም መላሾቹ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ተረኛው «ደም ፈሷል» ብሎ ይሮጣል። እነዚህን አንድ ገጽ ላይ ከምስል ጋር ብናወጣ ከአዳራሹ ይሻለናል።

ራዲዮግራፈር፦ ከማሽኑ ወገን ልናገር። ልጁ ከተወራጨ አጥንቱ ድርብ ይሆንና ስብራት ይመስላል። ሕፃን ከሆነ እናቱ አጥብታው፣ በነጠላ ተጠቅልሎ እንቅልፍ ከወሰደው ብዙ ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት አያስፈልግም። ሌላው፣ ማሽኑ በስሱ እየከፈለ የሚያነሳቸው ቀጫጭን ምስሎች ይቀመጡ። እነሱ ከጠፉ 3ዲው የረባ ነገር አያሳይም። የጨረሩ መጠንም በአዋቂ ልክ እንዳይሆን ረቂቁ ላይ ይግባልን።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦ መጀመሪያ ነገር ሁሉም ልጅ ሲቲ አያስፈልገውም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የፔካርን (የአሜሪካ የልጆች ድንገተኛ ሕክምና ተመራማሪዎች ኅብረት) ጥናት 42,412 ልጆችን አይቶ ከ2 ዓመት በታችና በላይ ያሉትን ለይቷል። ለትንንሾቹ ግንባር ላይ ያለ እብጠትና ከኋላ ወይም ከጎን ያለ እኩል አይደሉም። ደግሞ ወላጅ «ልጄ እንደ ወትሮዋ አይደለችም» ካለ ቃሉ ራሱ መስፈርት ነው። እዚህ ጅማ ብዙዋ እናት ይህንን የምትነግረን በአፋን ኦሮሞ ነው። ከአጋሮ ድረስ በሚኒባስ ተንገላታ መጥታ የሚሰማት ካጣች መስፈርቱ ምን ይጠቅማል?

ነርስ፦ ዶክተር፣ እውነትዎን ነው። ካርዱን የምሞላው እኔ ነኝ። ክብደት እንጂ ወር የጠየቀኝ ሰው የለም። ማዘዣው ላይ «ዕድሜ በወር»፣ «ከምን ላይ ወደቀ»፣ «እብጠቱ የት ነው» የሚሉ ሳጥኖች ይኑሩ። ለእናትየዋ የምናቀርበውን ጥያቄ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እጽፈዋለሁ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ አዳራሹ ወጣ። አንድ ገጽ መመሪያ፣ አዲስ ማዘዣ፣ በወር አንድ ሰዓት የተሳሳትንባቸውን ምስሎች ማየት ገባ።

ሲኒየር ራዲዮሎጂስት፦ የታካሚም የአንባቢም ስም ሳይጠራ ከሆነ እስማማለሁ። አለበለዚያ ስህተቱን ይዞ የሚመጣ አይኖርም።

ሬዚደንት፦ የመጀመሪያውን ምስል እኔ አመጣለሁ፣ ያችኑ ትርፍ ስፌት። የማዘዣውን ረቂቅም ዛሬ ዱቲ ላይ ነኝ፣ ፋታ ካገኘሁ እልካለሁ።

ነርስ፦ ፋታ? እስካሁን 3 ልጆች ከዛፍ ወድቀው ገብተዋል። የማንጎ ወቅት መሆኑን ረሳኸው እንዴ?