ከ20 ስድስት አመጣሁ፤ አጠናኔ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

የባቲ ልጅ
ሰላም ናችሁ? ደሴ ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ናቹራል ፍሬሽማን ነኝ። ብርዱን እንኳ እየለመድኩት ነው። ባቲ እያለሁ ጋቢ የአያቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ላይብረሪም ለብሼው እሄዳለሁ። ያልለመድኩት ትምህርቱን ነው።

ሃይስኩል የደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፍና በአማርኛ ያስረዳን ነበር። እዚህ ሌክቸሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ያሉት ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም እነቀንቃለሁ። ማታ ዶርም ገብቼ ሞጁሉን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አነባለሁ፤ ዋና ዋናውን በቀይ አሰምራለሁ። የመጀመሪያው የሒሳብ ቴስት ሲመለስ ግን ከ20 ስድስት። ወረቀቱን አጥፌ ሞጁሉ መሀል ከተትኩት፤ እስካሁን አልገለጥኩትም። እናቴ ደውላ "ትምህርቱ እንዴት ነው?" ስትለኝ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ይሄ ከውጤቱ በላይ ከበደኝ።

በጣም ያስቸገረኝ ፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮች ሲጣመሩ መቼ እውነት፣ መቼ ሐሰት እንደሚሆኑ የሚያየው። "ፒ ከሆነ ኪው" የሚለው፣ ፒ ሐሰት ሲሆን እንዴት ነው ሁሌም እውነት የሚሆነው? ሸምድጄው ገባሁ፤ ፈተናው ላይ ጠፋብኝ። ሶሻል ልቀይር ይሆን? እውነቱን ንገሩኝ።

ኬሚስትሪ 3ኛ ዓመት
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ያን ወረቀት አውጪው። የተሳሳትሽው እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ሞጁሉ አይነግርሽም።

እኔም እንዳንቺ በቀለም አሰምር ነበር። ያሰመርሽበትን ደጋግመሽ ስታዪው የምታውቂው ይመስልሻል። ሞጁሉን ዘግተሽ ባዶ ወረቀት ላይ ካልሠራሽው ግን አታውቂውም። አሁን አንድ ገጽ አነባለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ለዶርም ጓደኛዬ በአማርኛ አስረዳታለሁ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ። አማርኛው ላይ ከተንተባተብኩ አልገባኝም ማለት ነው። እንግሊዝኛው ያኔ ጥፋት የለበትም።

ጥያቄሽን በዚሁ መንገድ እንየው። እናትሽ "ሰኞ ገበያ ከወጣሁ ጫማ እገዛልሻለሁ" አለችሽ እንበል። ፒ ገበያ መውጣቷ፣ ኪው ጫማ መግዛቷ ነው። ወጥታ ገዛች፤ ቃሏን ጠበቀች። ወጥታ ሳትገዛ መጣች፤ ዋሸች። ገበያ ሳትወጣ ቀረች፣ ጫማም የለም፤ ዋሽታለች ትያታለሽ? አትያትም። ሳትወጣ ከሰፈር ሱቅ ብትገዛልሽስ? አሁንም አልዋሸችም። የእውነትና ሐሰት ሰንጠረዡ አራት ረድፍ ይኸው ነው። ሐሰት የሚሆነው ወጥታ ሳትገዛ የመጣችበት አንዱ ብቻ ነው።

ሶሻል ስለመቀየር፦ የሶሻል ፍሬሽማን ሒሳብም የሚጀምረው በዚሁ በፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ነው። ትምህርቱን ወደሽው ከሆነ ሂጂ፤ ይሄን ለመሸሽ ከሆነ ግን እዚያም ይጠብቅሻል። ደግሞ 14 ማርክ ነው የሄደብሽ። ከመቶው ሰማንያው ገና አልተፈተነም።

የሐረጎ ተመላላሽ
ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ነኝ፣ ቤተሰብ ደሴ። ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ፊዚክሱ ልጨምር፣ ምክንያቱም እሱም እየመጣብሽ ነው።

ፎርሙላ ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ነገሩን አጠገብሽ ፈልጊው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱ ያንሳል፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ለዚህ ነው የእናቴ ንፍሮ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻው ዘግይቶ የሚበስለው። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል፤ እሳት ብትጨምሪበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እኔ ይሄን የተረዳሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን በሚኒባስ ስወርድ ነው። ጆሮዬ ይደፈናል፤ ባዶ የውሃ ላስቲክ ደሴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ከድኜ ከያዝኩ ኮምቦልቻ ስደርስ ጎኑ ጭምድድ ብሎ አገኘዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግፊት ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ላስቲክ ነው።

ሌላው፣ ሌሊቱን 7 ሰዓት ማምሸት ተዪው። ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ እየተኛሽ ነው የምትሰሚው። ያልገባሽ ነገር ካለም መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄደሽ ጠይቂው። በተሰበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ጠይቂ። እኔን ማንም አልሳቀብኝም።

የባቲ ልጅ
አላህ ያክብራችሁ። ወረቀቱን አወጣሁት። ከ14ቱ 8ቱ የሄደው እዚሁ "ፒ ከሆነ ኪው" ላይ ነው። የጫማውን ሰንጠረዥ ሞጁሉን ዘግቼ ሠራሁት፤ አራቱም ረድፍ መጣልኝ። ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት። ዝም አለችና "ታዲያ ጫማ ያስፈልግሻል?" አለችኝ፤ ምሳሌውን ከምር ወስዳው።

"ፒ ከሆነና ከሆነ ብቻ ኪው" የሚለውስ? እሱንም በእናቴ ገበያ ሞከርኩት። ሳትወጣ ከሰፈር ሱቅ የገዛችበት ረድፍ አሁን ሐሰት ይሆናል፣ አይደል?