«ቀበቶ» ወይስ «መቀነት»? ምድርን ለከበቡት ቅንጣቶች ቃል ፍለጋ

ደንገል፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበባችን ግድግዳ ስለ ምድር ማግኔታዊ ከባቢ አንድ ገጽ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀረሁ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ቫን አለን እ.ኤ.አ. በ1958 በኤክስፕሎረር 1 ሳተላይት ላይ በተጫነው የጨረር መቁጠሪያው የደረሰበት፣ ጉልበተኛ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ምድርን ከበው የሚዞሩበት ስፍራ አለ። «የጨረር ቀበቶ» ልበለው ወይስ «የጨረር መቀነት»? ተማሪዎቼን ብጠይቅ ወንዶቹ ቀበቶ፣ ሴቶቹ መቀነት ብለው ተከፈሉብኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ቀበቶ። አለቀ። መቀነት ካልሽው ልጆቹ «የማርያም መቀነት» መስሏቸው ዝናብ ባባራ ቁጥር ጣና ላይ አንጋጠው ሊፈልጉት ነው።

የኔታ ዘጎጃም፦
አትቸኩል ልጄ። በግዕዝ ቀነተ ማለት ታጠቀ ነው፤ መታጠቂያውም ቅናት ይባላል። የሰው ሀብት አይቶ የሚንጨረጨረው ሌላው ቅናት ከሌላ ግንድ የመጣ ነውና አትደባልቁ። አሁን ዕቃውን ተመልከት። ቀበቶ ቆዳ ነው፤ አንድ ዙር ዞሮ በዘለበት ይቆለፋል። መቀነት ረጅም ጨርቅ ነው፤ ወገብን ደጋግሞ ይጠመጠማል፤ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ይጠብቃል፣ ይላላል። የምትሉት ነገር የቱን ይመስላል? እኔ ፊዚክስ አላውቅም፤ እናንተ ንገሩኝ።

ጣና ማዶ፦
የኔታ፣ አላውቅም ብለው ፊዚክሱን ነገሩን እኮ። ነገሩ ሁለት ነው፤ ውስጠኛው ከምድር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል፤ በአብዛኛው ፕሮቶን ነው፤ ለዓመታት ብዙም አይለወጥም። ውጨኛው የኤሌክትሮን ነው፤ እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ እሱ ነው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚወፍረውና የሚሳሳው። ዘለበት የለውም። ደግሞ የሚታሰረው የት ነው? ወገብ ላይ! ቅንጣቶቹ በብዛት የሚገኙት በማግኔት ወገብ ዙሪያ ነው፤ ያ መስመር ደግሞ በአገራችን በላይ ያልፋል። «የምድር ወገብ» ብለን ከሰየምን ዘመን የለውም፤ ወገብ ላለው መቀነት አንነፍገውም።

ግልገል ዓባይ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ገበያ ስትሄድ ሳንቲሟን በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥር ነበር። «ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ» የምንለው ከዚያ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች «የተያዙ» ወይም «የተጠመዱ» ሲባሉ አነባለሁ፤ «የተጠመደ» ለወፍና ለአይጥ ነው። «የተቋጠሩ» ብንልስ? ማግኔቱ ቋጥሯቸዋል፤ ማዕበል ሲመጣ ቋጠሮው ይፈታል።

ደንገል፦
«የተቋጠሩ»ን ወሰድኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ችግር አለብኝ። እያንዳንዱ ቅንጣት ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ አንድ ላይ ያደርጋል፤ እኔ ሦስቱንም «መዞር» ብዬ ጽፌ ሳነበው ለራሴም አልገባኝም።

ጣና ማዶ፦
እህቴ፣ ይኼን ብዙ አስቤበታለሁ። የመጀመሪያው በማግኔት መስመር ዙሪያ የሚደረገው ጥብቅ ሽክርክሪት ነው። እንዝርት ምን ያደርጋል? ይሾራል። ስለዚህ ሹረት። ውጨኛው መቀነት ውስጥ ላለ ፈጣን ኤሌክትሮን አንድ ሹረት ከሴኮንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን መመላለስ ነው። «መንጠር» የሚሉ አሉ፤ አልወደድኩትም። ኳስ የሚነጥረው መሬት መትቶ ነው፤ ይኼ ምንም አይመታም። ወደ ዋልታው ሲጠጋ መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ መስኩ ይበረታል፤ የፊት ጉዞው ቀስ በቀስ ወደ ሹረት ይለወጥና ቅንጣቱ ቆም ብሎ ይመለሳል። ጫፍ ላይ ዘግይቶ፣ ለቅጽበት ቆሞ፣ መሃል ላይ የሚፈጥን ምንድን ነው? ዥዋዥዌ! ደርሶ መልሱ ሴኮንድ አይፈጅም።

ሦስተኛው ምድርን ቀስ እያሉ መዞር ነው፤ ለዚያው ኤሌክትሮን ሩብ ሰዓት ገደማ። እሱን ዙረት ብየዋለሁ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ዙረት? «ልጅቷ ዙረት አበዛች» እንደሚባለው?

ጣና ማዶ፦
እንደሱ። ኤሌክትሮን ወደ ምሥራቅ፣ ፕሮቶን ወደ ምዕራብ ይዞራሉ፤ ሁለቱም ቤት የላቸውም።

የኔታ ዘጎጃም፦
«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።»

ጣና ማዶ፦
ግንዱ ጉልበቱ ነው የኔታ! ቃል በቃል።

ግልገል ዓባይ፦
ማዕበል ብያለሁና ማዕበል ትክክል ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እኛ ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች ነፋሱንና ውኃውን እንለያለን። ወጀብ ከላይ ይመጣል፤ ማዕበል ውኃው የሚመልሰው መልስ ነው። ታንኳ የሚገለብጠው ማዕበሉ ነው። ዜና ላይ «የፀሐይ ማዕበል» እና «የማግኔት ማዕበል» እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ እሰማለሁ።

ጣና ማዶ፦
ልክ ነህ፤ ሁለት ነገር ናቸው። ከፀሐይ የሚመጣውን ወጀብ በለው። የምድር ማግኔት ከባቢ ሲናወጥ ያ ማዕበል ነው። ያን ጊዜ መካከለኛ ጉልበት ያላቸው አዮኖች (ኤሌክትሮን ያጡ አተሞች) ከምድር የሌሊት ጎን በኩል ወደ ውስጥ ይገፉና ምድርን የሚከብ የኤሌክትሪክ ጅረት ያጠናክራሉ፤ «የቀለበት ጅረት» የሚለው ስም አያጣላንም። ጅረቱ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ በወገብ አካባቢ መሬት ላይ የሚለካውን መስክ ያዳክማል። እዚህ አካባቢ መስኩ ወደ 36,000 ናኖቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) ነው፤ ትልቅ ማዕበል ጥቂት መቶውን ይወስዳል። ከመቶ አንድ ብቻ፤ ኮምፓስ የያዘ ሰው ምንም አያይም፣ መሣሪያው ግን ያያል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተነሳው ከሃያ ዓመት ወዲህ ትልቁ ነበር።

«ሞገድ»ን ደግሞ ለሦስተኛ ነገር አስቀምጡልኝ። እዚያ ባለው፣ ፕላዝማ በሚሉት ጋዝ ውስጥ የሚሄዱ የኤሌክትሮማግኔት ሞገዶች አሉ፤ ወደ ድምፅ ሲለወጡ አንዱ ዓይነት የንጋት ወፎች ጫጫታ ይመስላል፣ ሌላው ጣቢያ ያልያዘ ራዲዮ «ሽሽሽ» እንደሚለው ነው። ወፎቹ ኤሌክትሮን ያፈጥናሉ፤ አንዳንዱንም ወደ አየር ይጥላሉ። «ሽሽሽ» የሚለው ግን በዋናነት ጣይ ነው፤ በሁለቱ መቀነቶች መካከል ያለውን ክፍተት ያመጣው እሱ ነው።

ደንገል፦
ወደ አየር የሚወድቁትን «ይዘንባሉ» ብያለሁ። ይሄዳል?

የኔታ ዘጎጃም፦
ዝናብ ደመናው ሲሞላ ራሱ ይዘንባል። እናንተ ግን የሚነቀንቅ አለ ትላላችሁ። ዛፍ ሲነቀነቅ ፍሬው ይረግፋል። «ይረግፋሉ» በሉ።

ደንገል፦
የኔታ፣ እርስዎ ክፍል መጥተው ያስተምሩልኝ። የመጨረሻው «ፕላዝማ» ነው። ቃሉን ስጠራ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተማሪ የነበርን ሰዎች ፕላዝማ ማለት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያስተምረን የነበረው ቴሌቪዥን ነው፤ የዛሬዎቹም ከታላላቆቻቸው ወርሰውታል። ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ የደም ፈሳሽ ናት የምትለው።

ጣና ማዶ፦
ተይው፣ ፕላዝማ ይሁን። ቃሉ ከግሪክ ነው፣ የተቀረጸ ነገር ማለት ነው፤ ለዚህ ጋዝ የሰጠው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሙር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928። ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ካልሽ በኋላ አራተኛ አድርገሽ ጻፊው፤ አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ያጡበት ጋዝ በይ። እኔን ይልቅ የሚያስጨንቀኝ «ቀዝቃዛ» ነው። ከምድር ጋር አብሮ የሚዞረውን ውስጠኛውን ፕላዝማ ባለሙያዎች ቀዝቃዛ ይሉታል፤ ሙቀቱ ግን በሺዎች ዲግሪ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ከቀለበቱ ጅረትና ከመቀነቶቹ ጋር ሲወዳደር ነው።

ግልገል ዓባይ፦
ታዲያ ቀዝቃዛውና ትኩሱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው? አይቀላቀሉም?

ጣና ማዶ፦
አሁን ለስምህ የሚመጥን ጥያቄ ጠየቅህ! ግልገል ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ይወጣል እንደሚባለው ነው። ውኃው በእውነት አይቀላቀልም ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። እዚያ ላይ ግን ቅንጣቶቹ በጣም ስለተራራቁ አይጋጩም፤ ቀዝቃዛውም ትኩሱም በአንድ ስፍራ ይተላለፋሉ። የሚነካካቸው ሞገድ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጠፈር ፊዚክስ ቤተ ሙከራውን በቅኔ አገር በዋሸራ ስም የጠራው ለካ ያለ ምክንያት አይደለም። ይኼ ሁሉ ቅኔ ነው።

ደንገል፦
እንዲህ አደረግሁት፦ «ምድር ወገቧ ላይ ሁለት መቀነት ታጥቃለች። በመቀነቶቹ ውስጥ የተቋጠሩት ቅንጣቶች ይሾራሉ፣ ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፣ ይዞራሉ። ሞገድ ሲነቀንቃቸው ይረግፋሉ።»

የሽምብጥ ልጅ፦
«ታጥቃለች» ነው «ታጥቋል»?

የኔታ ዘጎጃም፦
ምድር ሴት ናት ልጄ። ቀበቶ ልታስታጥቃት ነበር።

የሽምብጥ ልጅ፦
ለሴቶቹ ፈርጃለሁ። ወንዶቹን ግን አንቺ ንገሪያቸው።