የፋይናንስ ድርጅቶች ብዙም ያልተለመዱ የፕሮግራም ቋንቋዎችን ለምን ይመርጣሉ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጃቫ የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። የኒው ዮርኩ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት ጄን ስትሪት የግብይት ሥርዓቱን በአብዛኛው ኦካምል በተባለው ቋንቋ፣ የብራዚሉ ባንክ ኑባንክም ክሎጀር በተባለው እንደሚጽፉ ሳነብ አንድ ጥያቄ ተፈጠረብኝ። አንዲት ስህተት ሚሊዮኖችን በምታሳጣበት ሥራ፣ ባለሙያው እንደ ልብ የሚገኝለትን ቋንቋ ትቶ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን መምረጥ አደጋውን አያባብሰውም? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ጄን ስትሪት ኦካምልን የመረጠበት አንዱ ዋና ምክንያት ስህተትን ለመከላከል ነው። አንድ የግዢ ትእዛዝ «ተልኳል»፣ «ተፈጽሟል» ወይም «ተሰርዟል» ሊሆን ይችላል እንበል። ከዓመት በኋላ «በከፊል ተፈጽሟል» የሚል አራተኛ ሁኔታ ቢጨመር፣ ፕሮግራመሩ «ሌላው ሁሉ» ብሎ በጅምላ ካላለፈው በቀር፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይረው ፕሮግራም) አዲሱ ሁኔታ የተዘነጋባቸውን ቦታዎች ፋይሉንና መስመሩን እየጠቀሰ ያሳያል፤ ስለዚህ ጉድለቱ የሚታወቀው ገንዘብ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። በተጨማሪም የድርጅቱ ባለድርሻዎች የዋናውን የግብይት ሥርዓት ኮድ ራሳቸው ያነብቡ ስለነበር፣ አጭርና ግልጽ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ያስፈልጋቸው ነበር። ባለሙያን በተመለከተም፣ ኦካምልን በፍላጎታቸው የተማሩት በቁጥር ቢያንሱም በብቃት ከፍ ያሉ ሆነው እንዳገኟቸው ይናገራሉ።

መልስ 2፦
ምክንያቱ ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይደለም፤ ፍጥነትም አለ። አርተር ዊትኒ የተባለ ፕሮግራመር በሞርጋን ስታንሊ ባንክ ሳለ ኤፒኤል ከተባለው ቀደምት ቋንቋ የመነጨውን ኤ የተባለ ቋንቋ ሠራ፤ ኤ ፕላስም የወጣው ከእርሱ ነው፤ ቆይቶም ኬ የተባለውን ቋንቋ አወጣ። ከኬ የተገኘው ኪው ከኬዲቢ ፕላስ ዳታቤዝ ጋር በባንኮች ዘንድ የተለመደው፣ የቀኑን የዋጋ ለውጥ በሙሉ እንደ አንድ ዓምድ ይዞ በአንድ አጭር መስመር ማስላት ስለሚያስችል ነው።

መልስ 3፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የሚያስከፍለውም መነገር አለበት። ጄን ስትሪት የኦካምልን መደበኛ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የሚተካ የራሱን እስከ መጻፍ ደርሷል፤ ይህን የሚሸከም አቅም ያለው ድርጅት ጥቂት ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ያጣው፣ አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀርቶ፣ እዚያ የነበረ አሮጌ ኮድ ሥራ በመጀመሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥፋት የትኛውም ኮምፓይለር አይዘውም። ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ ቋንቋ ለመቀየር ቢያስብ፣ ኮዱ ወደ ሰርቨር የሚጫንበትን አሠራር አስቀድሞ እንዲፈትሽ እመክራለሁ።